የሚዋዥቅ ሞተር ምን ይናገራል?
የካርቡሬተር ፊዚክስ እና የአሮጌ መኪናዎች ጥገና

ከትራፊክ መብራት ሥር የቆመ አሮጌ መኪና አስተውላችሁ ታውቁ ይሆናል። ሹፌሩ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ አንሥቷል፤ ሞተሩ ግን አያርፍም። ድምፁ ከፍ ይላል፤ ወዲያው ይወርዳል፤ ጠፋ ሲባል እንደ ገና ተነሥቶ ያጓራል። ማንም ሳይነካው ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ዥዋዥዌ ይመላለሳል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጠባይ «መዋዠቅ» እያልን እንጠራዋለን። ዓላማችን መንሥኤውን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምንማረው ፊዚክስ መመርመር፣ ከዚያም ካርቡሬተሩ እንዴት እንደሚጠገን ማሳየት ነው።

ወደዚህ ጉዳይ የመራን አንድ አጋጣሚ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ መምህራችን ለብዙ ዓመታት የነዱት ቮልስዋገን አላቸው። መኪናው መዋዠቅ በጀመረ ጊዜ ወደ አንድ ጋራዥ ወስደውት ሦስት ጊዜ «ተስተካክሏል» ተባሉ፤ በመጨረሻም ካርቡሬተሩ እንዲለወጥ ተነገራቸው። ዋጋው ከጡረታ አበላቸው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። «ልጆቼ፣ እናንተ ፊዚክስ አስተማሪዎች አይደላችሁ? እስቲ እዩልኝ» ብለው መኪናውን ወደ ግቢያችን ይዘውት መጡ።

እኛም በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች ለዓመታት መለኪያ ስናነብ የኖርን ሰዎች፣ መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ምንም ሳንለካ ካቻቪቴ አንሥተን የካርቡሬተሩን ቪቴ ማዞር ነበር። ሞተሩ ረጋ። ደስ አለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን መኪናው ካንዴላዎቹ በጥላሸት ጠቁረው፣ ቤንዚን ከበፊቱ አብልጦ እየጠጣ፣ አሁንም እየዋዠቀ ተመለሰ። ስሕተታችን የት እንደ ነበር ለመረዳት በቅድሚያ የካርቡሬተርን አሠራር እንመልከት።

ካርቡሬተር እንዴት ይሠራል?

ቤንዚን በሞተር ውስጥ በሚገባ እንዲቃጠል ከአየር ጋር በተወሰነ መጠን መደባለቅ አለበት። ኬሚስትሪው እንደሚያስረዳው 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ሲበዛ ድብልቁ «ሳሳ»፣ ቤንዚኑ ሲበዛ ደግሞ «ወፈረ» እንላለን። በመጠኑ የወፈረ ድብልቅ ቤንዚን ያባክናል እንጂ ሞተሩን አያጠፋም። ከልክ በላይ የሳሳ ድብልቅ ግን እሳቱ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ጭራሹን አይቀጣጠልም።

ካርቡሬተር ይህን ድብልቅ ያለ አንዳች ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያዘጋጃል። ሞተሩ የሚስበው አየር መካከሉ በጠበበ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው ሥራው፣ ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪም በ1797 እንዳሳዩት፣ ፈሳሽ ወይም አየር በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ግን ይቀንሳል። በጠባቡ ጉሮሮ ላይ የቤንዚን ቱቦ አፍ አለ። ከጎን ባለው ትንሽ ጽዋ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን የከባቢ አየር ግፊት ስላለበት፣ ግፊቱ ወደ ቀነሰበት ጉሮሮ ተገፍቶ ይወጣና በጠብታ መልክ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል።

የሚወጣውን ቤንዚን የሚመጥነው «ጄት» የሚባል፣ በመካከሉ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የነሐስ ቁራጭ ነው። በጽዋው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ደግሞ ቤንዚኑ ከፍ ሲል መርፌ መሰሉን መዝጊያ ይዘጋል፤ ሲጎድል ይከፍታል። ከጉሮሮው በታች በቤንዚን መስጫ ፔዳሉ የሚታዘዝ ቢራቢሮ መሰል መክደኛ አለ። ከላይ ያለው ሌላው መክደኛ ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚቀንሰው ቾክ ነው።

መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻውን ሲዞር፣ መካኒኮች «ሚኒሞ» በሚሉት ሁኔታ፣ የታችኛው መክደኛ ሊዘጋ ምንም አይቀረውም። በዚህ ጊዜ በጉሮሮው የሚያልፈው አየር ጥቂት በመሆኑ ቤንዚን ለመሳብ አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ ለሚኒሞ ብቻ የተሠራ ሌላ ጠባብ መንገድና ትንሽ ጄት ተዘጋጅቷል። በቮልስዋገን ላይ በብዛት በሚገኘው ሶሌክስ ካርቡሬተር የዚህ ጄት ቀዳዳ ስፋት 0.55 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከራስ ፀጉር ውፍረት ስምንት እጥፍ ያህል ቢሆን ነው። አንዲት የዝገት ቅንጣት ልትደፍነው እንደምትችል ልብ ይሏል።

ዥዋዥዌው ከየት ይመጣል?

አንድ ሞተር ቤንዚን ካነሰው ይደክማል፤ ፈጽሞ ካጣ ይጠፋል። ነገር ግን ለምን ይመላለሳል? ቁልፉ ያለው «ግብረ መልስ» እና «መዘግየት» በሚባሉ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ውስጥ ነው።

በመምህራችን መኪና ላይ እንደ ደረሰው፣ ከካርቡሬተሩ በታች ባለው የድብልቅ ማስገቢያ ቱቦ ላይ ስንጥቅ አለ እንበል። በስንጥቁ በኩል ቤንዚን ያልተቀላቀለበት አየር ሾልኮ ይገባል፤ ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩ ይደክምና ዙሩ ይቀንሳል። ዙሩ ሲቀንስ ሞተሩ ከቱቦው የሚስበው አየር ያንሳል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊትም ወደ ከባቢ አየር ግፊት ይጠጋል። በስንጥቁ በኩል አየር የሚያስገባው የግፊት ልዩነት ስለ ቀነሰ የሾለከው አየር ያንሳል፤ ድብልቁ ተመልሶ ይወፍራል፤ ሞተሩም ይበረታል። በበረታ ጊዜ ግን አጥብቆ ይስባል፤ በስንጥቁ የሚገባው አየር ይበዛል፤ ድብልቁ እንደ ገና ይሳሳል።

ይህ ሂደት ወዲያው የሚፈጸም ቢሆን ኖሮ ሞተሩ በአንድ መካከለኛ ዙር ላይ ይረጋ ነበር። ሆኖም መዘግየት አለ። በደቂቃ 850 ጊዜ የሚዞር ባለ አራት ምት ሞተር አንድ ሙሉ ሥራውን ለመጨረስ ሁለት ዙር፣ ማለትም 0.14 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከዚህም በላይ የቤንዚኑ ከፊል በቱቦው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቆይቶ ነው የሚተነው። ስለዚህ እርማቱ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሞተሩ ሲደክም የታዘዘለት ብርታት የሚደርሰው ዙሩ ከሚገባው በላይ ከወረደ በኋላ ነው፤ ሲበረታም እንዲሁ። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ሕፃንን ጊዜውን ሳይጠብቁ ቢገፉት ይቆማል፤ በትክክለኛው ቅጽበት ቢገፉት ግን ከፍ እያለ ይሄዳል። የዘገየ እርማትም እንዲሁ በተሳሳተው ቅጽበት እየደረሰ መዋዠቁን ይመግበዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጄምስ ዋት በ1788 ለእንፋሎት ሞተር የፍጥነት መቆጣጠሪያ ከገጠመ በኋላ በነበሩት ዘመናት፣ መሐንዲሶች ሞተሮቻቸው በገዛ መቆጣጠሪያቸው ምክንያት ሲዋዥቁ ይቸገሩ ነበር። በኤሌክትሮማግኔት ቀመሮቹ የምናውቀው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1868 ስለ እነዚህ መቆጣጠሪያዎች ባቀረበው ጽሑፍ፣ አንድ መናጋት መቼ እየከሰመ እንደሚጠፋና መቼ እየጎላ እንደሚሄድ በሒሳብ አሳየ። የዛሬው የቁጥጥር ምሕንድስና ከመነሻዎቹ አንዱ ይህ ጽሑፍ ነው።

የመዋዠቁን ጊዜ መቁጠር

ከላይ ካለው ትንታኔ አንድ ጠቃሚ ውጤት እናገኛለን። መዋዠቁ ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ ወደዚያው እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ የዘገየው ነገር ምን እንደ ሆነ ይጠቁማል። ስለዚህ የመጀመሪያው የጥገና መሣሪያ ካቻቪቴ ሳይሆን የእጅ ሰዓት ነው። አሥር ምልልስ ቆጥሮ የወሰደውን ጊዜ ለአሥር ማካፈል ብቻ ይበቃል።

ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ሆኖ ምልልሱ አንድ ወይም ሁለት ሴኮንድ ያህል ከፈጀ፣ ችግሩ የሚገኘው ቅርብ ነው፤ ወይ ስንጥቅ አለ፣ ወይ የሚኒሞው ጄት ተደፍኗል።

መኪናው በመንገድ ላይ፣ በተለይ ዳገት ሲወጣ፣ በአሥሮች ሴኮንድ በሚቆጠር ልዩነት ከደከመና ከበረታ ግን ሌላ ነገር እንጠርጥር። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝና ለ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር የሚፈጅ መኪና በሴኮንድ 2 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ይጠጣል። ፊልትሮው በቆሻሻ ተይዞ 1.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢያሳልፍ፣ በየሴኮንዱ ግማሽ ሚሊ ሊትር ከጽዋው ይጎድላል። ከጽዋው 20 ሚሊ ሊትር እስኪጎድል 40 ሴኮንድ ይወስዳል። ያን ጊዜ ድብልቁ ይሳሳል፤ መኪናው ይደክማል፤ ፍጆታውም ሲቀንስ ጽዋው ቀስ በቀስ ይሞላና መኪናው እንደ ገና ይበረታል። የዓባይ በረሃን ዳገት ሲወጡ መኪናቸው እንዲህ ያደረገባቸው ሰዎች ካርቡሬተራቸውን ቢያስፈቱ ምንም አያገኙም፤ ጥፋቱ ያለው በፊልትሮው፣ በፖምፓው ወይም በመርፌው መዝጊያ ላይ ነውና።

ሁለተኛው ምርመራ በቾክ የሚደረግ ነው። ሞተሩ ሞቆ እየዋዠቀ ሳለ ቾኩን በጥቂቱ መዝጋት ነው። መዋዠቁ ከቀነሰ ድብልቁ ሳስቷል ማለት ነው፤ ከባሰበት ደግሞ ወፍሯል። ሦስተኛው፣ ስንጥቅ መኖሩን ለማወቅ የጎማ ቱቦዎችን አንድ በአንድ ቆንጥጦ መያዝና በመገጣጠሚያዎች ላይ ጥቂት ውኃ በመርጫ መንፋት ነው። ውኃው ስንጥቁን ለቅጽበት ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። አንዳንዶች ለዚህ ምርመራ ቤንዚን ሲረጩ ይታያል፤ በሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ግን እሳት መጥራት ነው።

ከፍታችን የሚያመጣው ጣጣ

በአገራችን ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እፍግታውም እንደዚሁ ነው። የቤርኑሊን ቀመር ብንከተል፣ በጉሮሮው ያለው የግፊት ልዩነት አንድ ሆኖ ሳለ የሚያልፈው አየር መጠነ ቁስ ከእፍግታው ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል፤ የቤንዚኑ እፍግታ ግን በከፍታ አይለወጥም። የ0.75 ስኩዌር ሩት 0.87 ያህል ስለሆነ፣ ለባሕር ወለል የተመጠነ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ በ15 በመቶ ያህል የወፈረ ድብልቅ ያዘጋጃል። በመዲናይቱ አሮጌ መኪናዎች ጥቁር ጭስ ማብዛታቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መካኒኩ ይህን አይቶ አነስተኛ ጄት ቢገጥም መልካም አደረገ። ነገር ግን ያው መኪና 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ድሬዳዋ ሲወርድ አየሩ ይታፈጋል፤ የሙቀቱን ልዩነት አስበን ብናሰላው ድብልቁ ከ5 እስከ 6 በመቶ ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ በጤንነትና በመዋዠቅ ድንበር ላይ የነበረ ሞተር፣ ምንም ሳይበላሽ ቆላ ሲወርድ መዋዠቅ ይጀምራል። የመኪናውን ጤና ስንመረምር የተስተካከለበትን ቦታም መጠየቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

የቤንዚኑ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ፣ በ2011 ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል በውስጡ ኦክሲጅን ስላለው፣ 10 በመቶ ሲቀላቀል የሚፈለገው የአየር መጠን ከ14.7 ወደ 14.1 ገደማ ይወርዳል። ጄቱ ሳይለወጥ ድብልቁ 4 በመቶ ያህል ይሳሳል ማለት ነው። በዚያም ላይ ኢታኖል የቆዩ የጎማ ቱቦዎችን ያሳብጣል፤ ያደክማልም።

ጥገናው በቅደም ተከተል

ምርመራው ወደ ካርቡሬተሩ ካመለከተ ሥራው እንደሚከተለው ይከናወናል።

አንደኛ፦ ሞተሩ በሚገባ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ፤ የባትሪው አሉታዊ ገመድ ይነቀል። ሥራው በደጅ ወይም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ራቅ ብሎ ከሚነድ ምድጃ ሊደርስ ይችላል። እሳት ማጥፊያ ወይም ደረቅ አሸዋ በቅርብ ይቀመጥ። የቤንዚን እሳት በውኃ አይጠፋም፤ ይሰራጫል እንጂ።

ሁለተኛ፦ ካርቡሬተሩ ከመፈታቱ በፊት እያንዳንዱ ቱቦ የት እንደ ገባ በሥዕል ወይም በፎቶግራፍ ይያዝ። የሚኒሞው ቪቴ ከመነቀሉ በፊት ቀስ ተብሎ እስኪቆም እየተዘጋ ስንት ዙር እንደ ፈጀ ይቆጠርና ይጻፍ። ያ ቁጥር የመመለሻ መንገዳችን ነው።

ሦስተኛ፦ ጽዋው ሲከፈት በሥሩ የተቀመጠው ዝቃጭ በደንብ ይታይ። የዝገት ቅንጣት ከሆነ መነሻው ታንከሩ ነው፤ ታንከሩና ፊልትሮው ሳይጸዱ ካርቡሬተር ብቻ ማጠብ የአንድ ወር ዕፎይታ ቢሰጥ ነው።

አራተኛ፦ ጄቶቹ በካርቡሬተር ማጽጃ ፈሳሽ ተዘፍዝፈው በታመቀ አየር ይነፉ፤ ዓይን በመነጽር ይሸፈን። ብዙ ጊዜ በሽቦ ሲጎረጎሩ እናያለን። ነሐስ ለስላሳ ብረት ነው። 1.2 ሚሊ ሜትር የነበረው ቀዳዳ ተፍቆ 1.3 ቢሆን የቀዳዳው ስፋት በ17 በመቶ ያድጋል፤ የሚያልፈው ቤንዚንም በዚያው ልክ ይጨምራል። ለዓይን የማይታይ ጭረት መኪናውን ለዘለቄታው ቤንዚን አባካኝ ያደርገዋል።

አምስተኛ፦ ተንሳፋፊው ተነቅንቆ ቤንዚን በውስጡ አለመግባቱ ይረጋገጥ። የመርፌው መዝጊያ ጫፍ ተበልቶ ከሆነ ይለወጥ። የተነሡ ጓርኒሲዮኖች በአዲስ ይተኩ፤ አሮጌው ጓርኒሲዮን ራሱ ስንጥቅ ነውና።

ስድስተኛ፦ ሁሉም ከተገጠመና የቤንዚን ጠብታ አለመኖሩ ከታየ በኋላ፣ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞው የአምራቹ መመሪያ በሚያዘው መሠረት ይስተካከል። ቪቴ የሚዞረው በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አይደለም። ሞተሩም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አይነሣ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም።

የመምህራችን መኪና ነገር

ወደ ቮልስዋገኑ እንመለስ። በሁለተኛው ጊዜ ሰዓት ይዘን ቆጠርን፤ አሥሩ ምልልስ አሥራ አራት ሴኮንድ ፈጀ። ቾኩን በጥቂቱ ስንዘጋ ረጋ። ድብልቁ ሳስቷል፤ ጥፋቱም ቅርብ ነው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ የማስገቢያ ቱቦውን ከግራና ከቀኝ የሚያያይዙ ሁለት አጫጭር የጎማ መጋጠሚያዎች አሉ። በቀኙ ላይ ውኃ ስንነፋ ድምፁ ተለወጠ። ፈትተን ስናየው ከሥሩ፣ ዓይን በማይደርስበት በኩል ተሰንጥቋል።

የመጀመሪያው ስሕተታችንም ያን ጊዜ ግልጽ ሆነልን። ቪቴውን ስናዞር ስንጥቁን አልደፈንንም፤ በስንጥቁ የሚገባውን አየር የሚያካክስ ተጨማሪ ቤንዚን ነበር የሰጠነው። ካርቡሬተሩ ከመነሻውም ጤነኛ ነበር።

የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የታየው ነው። መጋጠሚያውን ለመንቀል ስንጎነበስ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባው የቤንዚን ቱቦ ደርቆ ጫፉ ላይ መሰነጣጠቁንና ላብ መሰል ርጥበት ማውጣቱን አየን። ከበታቹ ያለው የሞቀ ሞተር ነው። መምህራችን «ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል» ማለታቸውን ሁላችንም ሰምተን ነበር፤ የካርቡሬተር ነገር መስሎን አልፈነው ነበር። የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት በዚያ መኪና ነው። ሁለቱ የጎማ መጋጠሚያዎችና አንድ ክንድ የማይሞላ የቤንዚን ቱቦ ተለወጡ፤ ቪቴውም ወደ ተጻፈው ቁጥር ተመለሰ። ሞተሩ ረጋ፤ ሽታውም ጠፋ።

መደምደሚያ

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ይሁን እንጂ ቀድመው የገቡት አሮጌ መኪናዎች ገና ለብዙ ጊዜ አብረውን ይኖራሉ፤ በደኅና መያዛቸው ለባለቤቱ ኪስም ለከተማው አየርም ይጠቅማል። ግብረ መልስና መዘግየት ያሉበት ሥርዓት ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ መረብም ሆነ የውኃ ማሞቂያ፣ ሊዋዥቅ ይችላል። በየትኛውም ቢሆን ሥርዓቱ ጥፋቱን በምልልሱ ይናገራል። ከመንካት በፊት መቁጠር፣ ከመለወጥ በፊት መጠየቅ ይገባል። እኛ ይህን ለተማሪዎቻችን ስናስተምር ኖረን፣ በገዛ እጃችን የተማርነው ግን በአንድ አሮጌ ቮልስዋገን ላይ ነው።

ለመለማመጃ

1. 1.20 ሚሊ ሜትር የነበረ የጄት ቀዳዳ ወደ 1.25 ቢሰፋ የሚያልፈው ቤንዚን በስንት በመቶ ይጨምራል?

2. በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ቢፈጅ፣ በሴኮንድ ስንት ሚሊ ሊትር ይጠጣል? ፊልትሮው 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢያሳልፍ ከጽዋው 20 ሚሊ ሊትር የሚጎድለው በስንት ሴኮንድ ነው?

3. በማስገቢያ ቱቦ ላይ ያለ ስንጥቅ በሚኒሞ ጊዜ ክፉኛ ሲያስቸግር፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን ብዙም የማይታወቀው ለምንድን ነው? የግፊት ልዩነትን በማሰብ መልሱ።